ኢንሱሊን እየወጉ ጦሳን መውጣት፣ ሐረጎን መውረድ

ታይፕ ዋን ስኳር ካለባችሁ የደሴውን ተራራ ጦሳን ልውጣ ወይ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሳይክል ከደሴ ኮምቦልቻ ልውረድ ስትሉ ቤት ውስጥ "አርፈህ ተቀመጥ" መባሉ አይቀርም፣ ግን ይቻላል። ኖቮ ኖርዲስክ የሚባል የሳይክል ቡድን አለ፣ ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ ታይፕ ዋን ናቸው።

መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ለስንት ሰዓት ያህል እንደምትሄዱ ንገሩትና የዛን ቀን የኢንሱሊን መጠናችሁን ምን ያህል እንደምትቀንሱ እሱ ይወስን፣ መቀነስ ነው እንጂ ኤንፒኤቹን (ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሰራውን ኢንሱሊን) ጭራሽ ትቶ መውጣት ኬቶን ያመጣል፣ ኬቶን ማለት ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ እያቃጠለ የሚያመነጨው አሲድ ነው። ጭናችሁ ላይ አትውጉ፣ እግር ሲሰራ ቶሎ ይስበዋል፣ ሆድ ይሻላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ስኳራችሁን ለኩ (ቁጥሮቹ በmg/dL ናቸው)። ከ126 እስከ 180 ጥሩ መነሻ ነው፣ ከ90 በታች ከሆነ በልታችሁ ጠብቁ፣ ከ250 በላይ ከሆነ ደግሞ ሽንታችሁን በስትሪፕ (በኬቶን መመርመሪያ ወረቀት) እዩ፣ ኬቶን ካለ ቀረ በቃ፣ ጦሳ የትም አይሄድም። ጾም ላይ ሆናችሁማ አትሞክሩት።

መንገድ ላይ የሚሸውደው ነገር፣ ዳገት ላይ ማላብና መንቀጥቀጥ ድካም ነው ስትሉ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ በየግማሽ ሰዓቱ ምናምን ለኩ። ብርቱካን በላጣችሁበት እጅ ግን እንዳትለኩ፣ ጣት ላይ የቀረው ጭማቂ ቁጥሩን ከፍ ያደርገውና ያለነገሩ ኢንሱሊን ትወጋላችሁ፣ መጀመሪያ ታጠቡ። ከ70 በታች ከወረደ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይ ግማሽ ጠርሙስ ሚሪንዳ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። በሶና ቆሎ ቀስ ብለው ነው የሚሰሩት፣ እነሱ ከተስተካከለ በኋላ ይበላሉ። አብሯችሁ የሚሄደውም ሰው ይወቅ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ ስኳር ውሃ አፋችሁ ውስጥ እንዳያፈስ፣ ያንቃል፣ ቶሎ ሆስፒታል ነው።

ኢንሱሊኑንና መለኪያውን የውስጥ ኪስ ወይ ቦርሳ መሃል ልብስ ውስጥ ጠቅልሉ፣ ጦሳ ጠዋት ይበርዳል ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ኢንሱሊን በረዶም ፀሐይም አይወድም፣ መለኪያውም ብርድ ላይ ይሳሳታል። ሐረጎን በሳይክል ከመውረዳችሁ በፊት ደሞ አናቱ ላይ ቁሙና ለኩ፣ ጠመዝማዛው ላይ አይሱዙ ፊት ለፊት እየመጣ ስኳር መውረድ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌሊቱን ነው። ጡንቻ የጨረሰውን ስኳር ከደም እየሳበ ስለሚሞላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚ የማታውንም የኢንሱሊን መጠን ሐኪሙን ጠይቁ፣ ስትተኙ ለክታችሁ ትንሽ ቅመሱ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አላርም ሙሉ። ለደስታው ብላችሁ ቢራ ብትጨምሩበት ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል፣ የባሰ ይወርዳል፣ የዛን ማታ ይቅርባችሁ። በነጋታውም ሳትለኩ የተለመደውን መጠን አትውጉ።