እህልን ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ማዳን፦ አየር በማያስገባ ከረጢት እንዴት እናከማች?

ገበሬ ምርቱን በገባ ሰሞን አውጥቶ የሚሸጠው ገንዘብ ስለቸገረው ብቻ አይደለም። ነቀዝን ስለሚፈራም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ እህል ሲወደድ ያው ገበሬ ለልጆቹ ቀለብ ፍለጋ ገዢ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ከገበሬዎች ጋር በእህል ክምችት ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም። ዝናብ ሲቀር ሰው ብዙ ማድረግ አይችልም። ጎተራ ውስጥ የሚደርሰውን ጥፋት ግን ማስቆም ይቻላል። ያውም በትንሽ ወጪ፣ መርዝ ሳይነካኩ።

ዘዴው አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። ብዙ ቦታ ፒክስ በሚለው ስሙ ይታወቃል። አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ነው የሠሩት። ያኔ የታሰበው ኮውፒ ለሚባለው ጥራጥሬ ነበር። በኋላ ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለስንዴ፣ ለአደንጓሬም እንደሚሠራ ታየ። ዛሬ ተመሳሳይ ከረጢቶች በተለያየ ስም ይሸጣሉ፤ አሠራራቸው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ጠላትን ማወቅ

ነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚፈጠር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከማሳ ጀምሮ ነው አብሮን የሚገባው። ሴቷ የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን ትቦረቡርና አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች። ከዚያ ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከላይ ሲታይ ፍሬው ምንም አልሆነም። ትሉ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድጋል። ሞቃት በሆነ አካባቢ በአምስት ሳምንት ገደማ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። ቀዳዳውን የምናየው እንግዲህ ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁሌም የማሳየው ነገር አለ። አንድ እፍኝ እህል ውሃ ውስጥ ጨምሩ። የሚንሳፈፉትን ለቀም አድርጋችሁ በጥፍር ወይም በቢላ ሰንጥቁ። አንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ነጭ፣ እግር የሌለው፣ ቡናማ ራስ ያለው ትል ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኛላችሁ። ዙሪያው ዱቄት ብቻ ነው። ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ደግሞ ጆሯችሁን ጆንያው ላይ አስጠጉ። የተነቀዘ እህል ቅርጭጭ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ነቀዝን ችላ አይልም።

ከረጢቱ ሦስት ንብርብር ነው። ውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉ፤ ከውጭ ደግሞ እንደ ማንኛውም ማዳበሪያ የተሸመነ ጆንያ አለ። አፉ በደንብ ሲታሰር አዲስ አየር አይገባም። ውስጥ ያለው ነቀዝና ትል የቀረችውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳታል። ኦክስጅን ሲያንስበት መብላት ያቆማል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ደስ የሚል ነገር አለ። ነቀዝ ደረቅ እህል ውስጥ ሲኖር ውሃ የሚጠጣበት ቦታ የለውም። የሚያስፈልገውን ውሃ ሰውነቱ ራሱ የሚሠራው በኦክስጅን ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ ሲያልቅ በውሃ ጥም ደርቆ ይሞታል። ነቀዙ በበዛ ቁጥርም ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል።

ከረጢቱ አያደርቅም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ከረጢቱ እህል አያደርቅም። እርጥብ ካስገባችሁ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እርጥበቱ መውጫ የለውም። ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ዘርም ከሆነ ይሞታል። «ከረጢቱ አታለለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አደራረቁ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ለበቆሎ የእርጥበት መጠኑ 13 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። እህሉን መሬት ላይ አታስጡት። ሸራ ወይም ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፉ። አፈሩ እርጥበት ይሰጠዋል፤ የሻጋታ ዘርም ያስይዘዋል። ሲሰጣ ስስ ይሁን፣ ከሦስት አራት ሴንቲሜትር አይወፍር። በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጡት። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ሸፍኑት ወይም አስገቡት። ከብትና ዶሮ አታስደርሱበት፤ ዝናብ ሲያንዣብብም አትዘናጉ። ቀኑን ሙሉ የደረቀ እህል አንዴ ካፊያ ከመታው ልፋቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? ብዙ ገበሬ በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተላመጠ ገና ነው። ይህ ልምድ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃኝም። የጨው ሙከራ ጨምሩበት። ክዳን ያለው ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ አዘጋጁ። ጨው ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። የጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ በእህል ሙሉትና ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ክዳኑን ግጠሙና ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዝውዙት። ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው። መልሳችሁ አስጡት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጨው አለመለጠፉ የሚነግረን ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ነው። 14ም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ለረጅም ክምችት ይበዛል። ስለዚህ ሙከራውን ካለፈ በኋላም አንድ ጥሩ የፀሐይ ቀን ጨምሩለት። የአየር እርጥበት የምትለካ ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው። ከአንድ ሁለት እፍኝ እህል ጋር ትንሽ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከ65 በመቶ በታች ካነበበች (ይህ ላስቲኩ ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ነው እንጂ የእህሉ አይደለም) በቆሏችሁ ለክምችት ደርሷል። አንዷን መሣሪያ ጎረቤት ለጎረቤት እየተዋዋሰ ሰፈሩ በሙሉ ሊጠቀምባት ይችላል።

ይህን ያህል ስለ ማድረቅ የምጨቀጭቀው የነቀዝ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። እርጥብ እህል ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ጉበት ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ማብሰል አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ በተበከለ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ያ በቆሎ በእርጥቡ የተከማቸ ነበር። ከረጢቱ አስቀድሞ የተፈጠረን መርዝ አያነጻም። ስለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት የሻገተውን፣ የተሰበረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ልቀሙ፤ እህሉንም አበጥሩት። የተለቀመውን ሻጋታ ደግሞ ለከብትም ለዶሮም አትስጡት። እንስሳትንም ይመርዛል፤ በላሟ ወተት በኩልም ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል።

አሞላሉና አስተሳሰሩ

ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህል ወዲያው አትክተቱ። ጥላ ውስጥ ይብረድ። ትኩሱ ሲታሰር ላብ ያመጣል፤ ያ ላብ ላስቲኩ ላይ ጠብታ ሆኖ እህሉን መልሶ ያረጥበዋል።

እስኪበርድ ድረስ ላስቲኮቹን ፈትሹ። አንዱን አውጡና አፉን ከፍታችሁ አየር ሙሉበት። አፉን ጠምዝዛችሁ ያዙና ጫን ጫን አድርጉት። አየር የሚያፈተልክ ከሆነ ቀዳዳ አለው። ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይለጠፋል። ትልቅ ከሆነ ያ ላስቲክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከአዲስ ከረጢት ጋርም ቢሆን ይህን አትዝለሉ።

ከዚያ ሁለቱን ላስቲኮች አንዱን በአንዱ ውስጥ፣ ሁለቱንም በጆንያው ውስጥ አድርጉ። እህሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ። በየጊዜው ጆንያውን ነቅነቅ፣ ጫን ጫን አድርጉት፤ በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው አየር ባነሰ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። የተፈለፈለ እህል ብቻ ነው የሚገባው። ከነቆረቆንዳው አይሆንም፤ ላስቲክ ይወጋል፣ ብዙ አየርም ያስቀራል። እስከ አፉ ድረስ አትሙሉት። ለማሰሪያ የሚሆን አንድ ክንድ የማያንስ ላስቲክ ተርፎ ይቅር።

አስተሳሰሩ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የውስጠኛውን ላስቲክ ብቻ ያዙ። እህሉ ላይ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ። አፉን አጥብቃችሁ ጠምዝዙት፣ ሲጠነክር መሐሉ ላይ እጠፉትና በሲባጎ ወይም በጎማ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ቀጥሎ ሁለተኛውን ላስቲክ በላዩ ላይ አንሥታችሁ በተመሳሳይ መንገድ ለብቻው እሰሩ። መጨረሻ ጆንያውን። ሦስቱንም አንድ ላይ ሰብስቦ አንድ ጊዜ ማሰር የተለመደ አቋራጭ ነው። እሱ ግን ምንም አይጠቅምም፤ በእጥፋቶቹ መካከል አየር እንደ ልቡ ይገባል። ሽቦም አትጠቀሙ፣ ላስቲኩን ይበሳዋል።

የምታስቀምጡበት ቤት ቀድሞ ይጠረግ። ከረጢቱን ርብራብ ላይ አኑሩት፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል፣ ፀሐይም ጣሪያ የሚያፈሰውም ውሃ አያግኘው። አይጥ ዋና ጠላቱ ነው። አይጥ የሚመጣው መሬት ላይ የፈሰሰ እህል ሲሸተው ነው፤ ስለዚህ ዙሪያው ንጹሕ ይሁን። ፕሮስቴፋነስ የሚባል ሰርሳሪ ጥንዚዛ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከረጢቶቹን ቶሎ ቶሎ ዙሩባቸው። ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ አፍሪካ የገባ ነው። እንጨት የሚቦረቡር ስለሆነ ላስቲክም ሊበሳ ይችላል።

መቼ ይከፈት?

ቢያንስ ሁለት ወር አትንኩት። ሰው ያምረዋል፣ አውቃለሁ። ግን በየሳምንቱ የሚከፈት ከረጢት ተራ ጆንያ ነው። ለዕለት ቀለብ የሚሆነውን አስቀድማችሁ በሌላ ከረጢት ለዩት። አንዱን ስትከፍቱ የሚበቃችሁን ቀድታችሁ ወዲያው አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። በበላችሁ ቁጥር ላስቲኩን ወደ ታች እያወረዳችሁ እሰሩ እንጂ ባዶ አየር አታስታቅፉት።

አንዲት እናት የመጀመሪያ ከረጢቷን ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ጎረቤቶቿ ከበዋታል። ሦስቱን እስር አንድ በአንድ ፈታች። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከታች እፍኝ ሙሉ አወጣችና መዳፏ ላይ ዘረጋችው። የሞቱ ነቀዞች ነበሩበት፤ ጥቂት፣ ደረቅ፣ እፍ ስትላቸው የሚበሩ። ፍሬው ደህና ነው። አንዷን ወስዳ በጥርሷ ቀጭ አደረገቻት። ከዚያ ለጎረቤቷ ሰጠቻት፣ እሷም ቀጭ። እኔ ስብሰባ ላይ ከምናገረው ሁሉ ያቺ ድምፅ ትበልጣለች።

ዘር የምታስቀምጡ ከሆነ ከመዝራታችሁ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፉበት። ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። በደንብ ደርቆ የገባ ዘር ጥሩ ይበቅላል። ለትንሽ ዘር ከረጢት እንኳን አያስፈልግም። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ንጹሕና ደረቅ ጀሪካን ይበቃል፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን አይሆንም። እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ጎድሎ ከቀረ አየር ይቀርበታል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። የማሳ ፀረ ተባይ ለሚበላ እህል በፍጹም አይረጭም። ጆንያ ውስጥ የሚጣለው የጭስ ክኒን ደግሞ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ነው የሚለቀው። ሰው በሚያድርበት ቤት ክኒኑን ከእህል ጋር አስቀምጦ መተኛት ቤተሰብ ይጨርሳል። ልጆች በሚተኙበት ክፍል እህል የሚከማች ከሆነ፣ የድሃ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ክኒኑ ደጃፋችሁን አይርገጥ። ከረጢት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም።

እህሉ ሲያልቅ ከረጢቱን አትጣሉት። በደንብ ከተያዘ ሁለት ሦስት ወቅት ያገለግላል። ላስቲኮቹን ገልብጣችሁ አራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። አጥፋችሁ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። በሚቀጥለው ምርት የአየሩን ፍተሻ ድገሙት። አንድ ላስቲክ ብቻ የተበላሸ እንደሆነ ከሌላ አሮጌ ከረጢት ደህናውን አውጥታችሁ ተኩት፤ ከሁለት አሮጌ አንድ ደህና ይወጣል። የቀረው ጆንያ ለማንኛውም ሥራ ይሆናል።