መኪና ሳይያዝ ሳንቶሪኒ ላይ ወደ ባህሩ እንዴት እንደሚወረድ

የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ስትባል ገደል ጫፍ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ቤቶች ናቸው ቶሎ የሚታወሱን። ያምራሉ፣ ግን ባህሩ ከእግራችሁ በታች ሩቅ ነው። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የደሴቷ መሀል ሰመጠ፣ በምዕራብ በኩል ቀጥ ያለ ገደል ቀረ። አሸዋው ያለው በምሥራቅና በደቡብ ነው። ስለዚህ ማረፊያ ካማሪ ወይም ፔሪሳ ያዙ።

አውቶቡስ ይበቃል። መናኸሪያው የደሴቷ ዋና ከተማ ፊራ ነው። ከካማሪ ፔሪሳ ለመሄድ እንኳ ፊራ ወጥቶ መቀየር የግድ ነው፣ መሀላቸው ተራራ ገብቷላ። በበጋ ግን በጀልባ መሻገር ይቻላል። ዝርዝር ዩሮ ኪሳችሁ ይኑር።

ባህሩ ውስጥ ስትገቡ ቀስ በሉ። አሸዋው ጥቁር ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አይረገጥም። ከዚያ ደግሞ ውሃው ዳር፣ በተለይ ፔሪሳ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። ስስ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፣ ሳሙና የተቀባ ያህል ያንሸራትታል። ቆማችሁ አትራመዱበት፤ አሸዋ ብቻ የሆነበትን ቦታ ፈልጉ፣ ካጣችሁም ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ እየተደገፋችሁ ግቡ። የላስቲክ የባህር ጫማ ከምንም በላይ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ ውሃው ቶሎ ስለሚጠልቅ ልጅ ከእጃችሁ አይውጣ። ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ ሞኖሊቶስ ይሻላል፣ ውሃው ረጅም ርቀት ጥልቀት የለውም።

አክሮቲሪ አጠገብ ያለውን ቀይ ዳርቻ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ እዩት። ገደሉ ይናዳል፣ ማስጠንቀቂያም ተለጥፎበታል። ለፎቶ ብሎ ከሥሩ መተኛት አያዋጣም።

በሐምሌና ነሐሴ ከሰሜን የሚነፍሰው ሜልቴሚ ሲበረታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቭሊሃዳ ሂዱ። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚያድርባት ትንሽ ወደብ አለች፤ ከጎኗ ነፋስ የጠረበው ነጣ ያለ የአመድ ገደል ቆሟል። ለእኔ ከደሴቷ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ለምሳ አሙዲ፣ ከኢያ መንደር ሥር ያለችው ትንሽ ወደብ። ከኢያ ከ200 በላይ ደረጃ ይወረዳል፤ አህዮቹን ተዉአቸውና በእግራችሁ ሂዱ። ኦክቶፐሱ ገመድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ታያላችሁ። ዓሣ በኪሎ ስለሚሸጥ ሳይጠበስ በፊት አስመዝኑና ዋጋውን ጠይቁ። ፆም ከሆነ ፋቫ እዘዙ፤ ከጓያ ዘመድ የሚሠራ፣ በዘይትና በሽንኩርት የሚቀርብ ቢጫ ክክ ነው።

ኢያ ላይ ፀሐይ እንደጠለቀች ሕዝቡ ሁሉ አውቶቡሱ ላይ ይረባረባል። ቀድማችሁ ውጡ።