ፕሮግራሙ ይሰራል፣ መልሱ ግን ልክ አይደለም፦ የጀማሪ ኮድ ችግርና መፍትሄ

ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ የሚቆም ፕሮግራም ቀላሉ ነው፤ ቢያንስ የመስመር ቁጥር ይነግራችኋል። ስህተቶቹ ብዙ ከሆኑ የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና አስኪዱት፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የሱ ትርፍ ናቸው። ሴሚኮለን (;) ሲረሳ ኮምፓይለሩ (ኮዳችሁን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ቀጣዩን መስመር ሊከስ ስለሚችል አንድ መስመር ወደ ላይም ተመልከቱ። ከባዱ ግን በሰላም ጨርሶ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠው ነው።

5 እና 3 ተደምረው 53 ሆኑ

በፓይተን ኢንፑት ከኪቦርድ የተጻፈውን ሁሉ የሚመልሰው በስትሪንግ፣ ማለትም በጽሑፍ መልክ ነው። የመደመር ምልክቱ ሁለት ስትሪንግ ሲያገኝ ያያይዛቸዋል እንጂ አይደምራቸውም። «5»ን በ3 ብታባዙትም 15 ሳይሆን 555 ይወጣል። የተቀበላችሁትን እዚያው መስመር ላይ በኢንት (int) ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጡት፤ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚመጣ ከሆነ በፍሎት (float)። ለውጡን ወደ ስሌቱ መሃል ካቆያችሁት አንዱ ተለውጦ ሌላው ይረሳል።

አማካዩ 3.5 መሆን ሲገባው 3 ወጣ

በሲ (C) እና በጃቫ ቋንቋዎች ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ውጤቱም ሙሉ ቁጥር ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው ይቆረጣል። ብዙ ተማሪ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ደብል፣ ማለትም ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ አድርጎ የተገላገለ ይመስለዋል። ማካፈሉ ግን የሚያልቀው ውጤቱ ተለዋዋጩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ 3.0 ብቻ ይገኛል። ከማካፈሉ በፊት አንዱን ቁጥር ደብል ማድረግ ይበቃል፤ 7/2.0 ብላችሁ ሞክሩት። በፓይተን 3 ላይ 7/2 ራሱ 3.5 ነው፤ ሙሉ ቁጥር ስትፈልጉ 7//2 ትጽፋላችሁ። ኔጌቲቭ ላይ ተጠንቀቁ፦ -7//2 በፓይተን -4 ሲሰጥ፣ በሲና በጃቫ -7/2 ደግሞ -3 ይሰጣል። አንዱ ወደ ታች ያወርዳል፣ ሌላው ወደ ዜሮ ይቆርጣል።

ከ1 እስከ 10 ድምሩ 55 መሆን ሲገባው 45 ሆነ

የፓይተን ሬንጅ ሁለተኛውን ቁጥር አይጨምርም፤ ሬንጅ(1, 10) 9 ላይ ይቆማል። ሬንጅ(1, 11) በሉት። አሬይ (በተርታ የተቀመጡ ዋጋዎች) ላይ ችግሩ ይገለበጣል፦ 10 ዕቃ ያለው አሬይ ኢንዴክሱ (የቦታ ቁጥሩ) ከ0 እስከ 9 ነው፤ «ከ10 ያነሰ» በማለት ፈንታ «ከ10 ያነሰ ወይም እኩል» ከጻፋችሁ የሌለ ቦታ ትነካላችሁ። ጃቫ ስህተቱን ተናግሮ ይቆማል። ሲ ግን ወሰኑን አይፈትሽም፤ አንዳንዴ ትክክል የሚመስል፣ አንዳንዴ የማይረባ ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላ ጊዜ ፕሮግራሙ ይሞታል። እናንተ ጋ ሰርቶ የቤት ሥራውን የሚያርመው ጋ የሚወድቅ የሲ ኮድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ ዜሮ ሳይሰጠው መደመር የጀመረ ተለዋዋጭን።

ፕሮግራሙ አላቆም አለ

ኮንትሮልና ሲን (Ctrl+C) አንድ ላይ ተጭናችሁ አቋርጡት። ከዚያ ቆጣሪው ሉፑ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውስጥ መጨመሩን እዩ፤ በፓይተን የሚጨምረው መስመር ወደ ግራ ወጥቶ ከሉፑ ውጭ ቀርቶ ይሆናል። በሲና በጃቫ ከዋይል ቅንፍ ቀጥሎ ሴሚኮለን ካለ የሉፑ አካል ባዶ ነው፣ ከታች ያለው ኮድ ተራው አይደርሰውም። ከኢፍ ቅንፍ በኋላ ያለ ሴሚኮለን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ሁኔታው ሐሰት ቢሆንም ብሎኩ ይሰራል። በሲ ኢፍ ውስጥ በሁለት ፈንታ አንድ የእኩል ምልክት መጻፍም ማወዳደር ሳይሆን ዋጋ መስጠት ነው፤ 5 ከሰጣችሁት ሁልጊዜ እውነት ይሆናል።

ባጭሩ የሚፈቱ

ፓይተን ከመልሱ በታች «ነን» (None) የሚል ካተመ፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ፕሪንት አድርጋችሁ ሪተርን አላደረጋችሁም፤ ከውጭ ደግሞ እንደገና ፕሪንት ብላችኋል። ጃቫ ዕድሜ ተቀብሎ ስም ሳይቀበል ካለፈ፣ ኔክስት-ኢንት የተወውን የመስመር መጨረሻ ኔክስት-ላይን ወስዶታል፤ መሃላቸው አንድ ተጨማሪ ኔክስት-ላይን ጨምሩ። ጃቫ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ስትሪንጎች «እኩል አይደሉም» ከተባሉ በሁለት የእኩል ምልክት ሳይሆን በኢኩዋልስ (equals) አወዳድሩ። የ0.1 + 0.2 ውጤት 0.30000000000000004 ሆኖ ሲወጣ ኮዱ አልተበላሸም፤ 0.1 ኮምፒውተሩ በሚጠቀምበት ባይነሪ (በ0 እና በ1) ልክ አይጻፍም። ነጥብ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች ስታወዳድሩ ልዩነታቸው ከ0.000000001 ማነሱን ፈትሹ።

ይህ ሁሉ ካልሆነና መልሱ በዓይን ሲታይ ትክክል ሆኖ ሳለ አውቶማቲክ አራሚው ዜሮ ከሰጠ፣ «ቁጥር አስገባ» የሚለውን ጽሑፍ አጥፉት። ጥያቄው ያላዘዘው ማንኛውም ጽሑፍ የመልሱ አካል ሆኖ ይነበባል።