ቁልቁለት ላይ ከማርሽ አታውጡ

ከሱሉልታ ተነሥታችሁ የእንጦጦን ጋራ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ፣ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብላችሁ ፒክአፑን በፎሌ (ከማርሽ አውጥታችሁ) አትልቀቁት። ሞተሩ እንዳይጠፋ ቁልቁለቱን ሁሉ ነዳጅ ይጠጣል፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ቆሞም ጠጪ ነው። ይልቅ ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ፈጽሞ አንሡ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ያን ጊዜ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። የወቅቱን ፍጆታ የሚያሳይ መኪና ካላችሁ ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ ታዩታላችሁ (እኔም እስካየው አላመንኩም ነበር)። የሞተሩ ዙር በደቂቃ ወደ 1,000 ከወረደ ግን መርጨቱን መልሶ ስለሚጀምር አንድ ማርሽ ቀንሱ።

ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል፣ በኮምፒውተር የማይታዘዝ የድሮ መሣሪያ) ያለው አሮጌ መኪና በዚህ ዘዴ አይቆጥብም። እሱም ቢሆን በፎሌ አይውረድ፤ አሸዋ የጫነ ፒክአፕ በፍሬን ብቻ ሲያዝ የግለቱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።