ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ክብደት አልጨምር ሲል ዓይኑ ለምን ይመረመራል?

ልጁ በ28 ሳምንቱ ተወልዶ ሙቀት ክፍል ገብቷል እንበል። ሁሉም ስለ ሳንባው ሲያወራ ቆይቶ ድንገት የዓይን ሐኪም ይጠራል። ወላጅ ግራ ቢገባው አይገርምም። የሚፈለገው አርኦፒ የሚባለው ሕመም ነው፤ ያለጊዜው በተወለዱ ልጆች ሬቲና፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ የደም ስሮች ላይ ይደርሳል።

ምልክት፦ ይመዘናል፣ ቁጥሩ ያው ነው

ምክንያት፦ የሬቲና የደም ስሮች ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። ዳር የሚደርሱት 40ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን "እደጉ" ይላቸዋል። ግን ኢንሱሊን መሰሉ የእድገት ሆርሞን አይጂኤፍ-1 በቂ ካልሆነ ትእዛዙን የሚሰማ የለም። ይህን አን ሄልስትሮም፣ ሎይስ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ልጁ ቀድሞ ሲወለድ በማህፀን ሲያገኘው የነበረው ይቋረጥና አይጂኤፍ-1 ያሽቆለቁላል። ካልበላ ደግሞ ቶሎ አያገግምም። ሚዛኑ ዝም ብሎ ግራም አይቆጥርም ማለት ነው፤ ስለ ዓይኑም ይናገራል። ስዊድኖች በየሳምንቱ ክብደት ብቻ ተነስተው ለአደጋ የተጋለጠውን ልጅ የሚለይ ስሌት የሠሩት ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ የእናት ጡት ወተት፣ ሐኪም ሲያዝ ማበልፀጊያ ተጨምሮበት። ገና መጥባት ለማይችለው ምግብ በደም ስር። ገላ ለገላ ማቀፍ። ኢንፌክሽንን መከላከል። ኦክስጅኑን ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ሲያንስ ሕይወት።

"ታዲያ ሆርሞኑን ለምን አይሰጡትም?" ጥሩ ጥያቄ ነው። አይጂኤፍ-1 ብቻውን ደም ውስጥ ደቂቃዎች ቢቆይ ነው። በጤነኛ አዋቂ ደም አብዛኛው አይጂኤፍቢፒ-3 ከሚባል ተሸካሚና ከሌላ ሦስተኛ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይዞራል፤ ያኔ ለሰዓታት ይቆያል። ሦስቱ ሲጣበቁ ግዙፍ ስለሚሆኑ ከደም ስር ግድግዳ አያልፉም። ወደ ቲሹ የሚገባው የተላቀቀው ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሆርሞኑን ከነተሸካሚው በደም ስር ሰጡ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የዓይኑን ሕመም አልቀነሰም፤ ከባድ የሳንባ ሕመምን ግን ቀንሷል። እኔ በዚህ ላይ ተስፋ ከማድረግ ወተቱ ላይ መበርታትን እመርጣለሁ።

ምልክት፦ በምርመራ የደም ስሮቹ መሃል ላይ ቆመዋል

እድገቱ ተቋርጧል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ሥራው ቀጠሮ አለማሳለፍ ነው።

ምልክት፦ ስሮቹ አብጠዋል፣ ተጠማዘዋል

ምክንያት፦ ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጣ ቪኢጂኤፍ ያጠራቅማል። ከእርግዝናው ሲቆጠር ከ32ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ አይጂኤፍ-1 ሲያንሰራራ ያ ሁሉ ትእዛዝ ባንዴ ይሰማል። ስሮቹ ያለ ሥርዓት ያድጋሉ፣ ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። ያው ሆርሞን በመጀመሪያ ሲጎድል፣ በኋላ ሲመለስ ያስቸግራል።

መፍትሄ፦ ሌዘር ወይም ቪኢጂኤፍን የሚያግድ መርፌ ዓይን ውስጥ፣ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ። "እስኪ ይደር" አይባልም።

አሜሪካ የምትመረምረው በዋናነት ከ1,500 ግራም የማይበልጡትን ወይም በ30 ሳምንትና ከዚያ በፊት የተወለዱትን ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን ከዚያ የሚበልጡ ሕፃናትም ይታመማሉ። ስለዚህ "የኔ ልጅ 1,700 ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ጠይቁ። በ28 ሳምንቱ ለተወለደ የመጀመሪያው ምርመራ 4 ሳምንት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ወደ ቤት ከላኳችሁ የቀጠሮው ቀን ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ከሆስፒታሉ እንዳትወጡ።