ኢንዳክቲቭ ሪዝኒንግ ለጀማሪ ስናስረዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ገና ዴፊኒሽኑ ላይ ነው የሚበላሸው። "ኢንዳክቲቭ ማለት ከዝርዝር ተነስቶ አጠቃላይ ህግ ማውጣት ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ ግን ፀሐይ እስከዛሬ በየቀኑ ወጥታለች ስለዚህ ነገም ትወጣለች ስንል እኮ የደመደምነው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ምንም ህግ አላወጣንም፣ ሆኖም ኢንዳክቲቭ ነው። ዋናው ነገር መነሻዎቹ በሙሉ እውነት ሆነው እንኳ ድምዳሜው ሊሳሳት መቻሉ ነው፣ በትክክል የተሠራ ዲዳክቲቭ (መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ ድምዳሜውም የግድ እውነት የሚሆንበት አመክንዮ) ላይ ይሄ አይፈጠርም። እባካችሁ ከዚህ ጀምሩ።

"እርግጠኛ ካላደረገኝ ምን ያደርግልኛል" የሚል ተማሪ ይመጣል፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። መድኃኒት የሚሞከረውም የአየር ትንበያ የሚሠራውም በዚሁ ነው፣ የሚጠየቀው ማስረጃው ድምዳሜውን ምን ያህል ይደግፈዋል የሚለው ነው።

ሌላው ምሳሌ ከበዛ ድምዳሜው ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ። በ1936 ሊትረሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መልስ ሰብስቦ የፕሬዝዳንት ምርጫውን እጩው ላንደን ያሸንፋል አለ፣ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፣ በዛ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ሻል ያለ ኑሮ ያለው ሰው ነው፣ ቅጹ ከተላከላቸውም አብዛኞቹ አልመለሱም። ሳምፕሉ፣ ማለትም ከሁሉም መካከል ተመርጦ የሚታየው ክፍል፣ ከተንሻፈፈ ብዛቱ አያድነውም።

ለኔ ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚደግፈንን ብቻ መፈለግ ነው። ፒተር ዌሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 ባሳተመው ሙከራ ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 ሰጥቶ ቁጥሮቹ የሚከተሉትን ደንብ እንዲያገኙ ጠየቀ፣ እነሱ ሌላ ሦስት ሦስት ቁጥር እያመጡ ይስማማል ወይም አይስማማም ይባላሉ። ክፍል ውስጥ ሞክሩት። ተማሪው 8፣ 10፣ 12 ይላል፣ ይስማማል፣ 20፣ 22፣ 24 ይላል፣ ይስማማል፣ ከዛ ፊቱ በርቶ "በ2 እየጨመረ ነው!" ይላችኋል። ደንቡ ግን እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች ነው፣ አንዴ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቢሞክር ኖሮ ግምቱ እዛው ይፈርስ ነበር። መልሱን ቶሎ አትንገሩት፣ "ግምትህ ስህተት ቢሆን በምን ታውቃለህ?" ብላችሁ ጠይቁትና ራሱ ይድረስበት።

የሂሳቡን ማቲማቲካል ኢንዳክሽን ደግሞ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት፣ እሱ አንድ ነገር ለመጀመሪያው ቁጥር እንደሚሠራ፣ ለአንዱ ቁጥር ከሠራ ደግሞ ለቀጣዩም እንደሚሠራ የሚያሳይ ዲዳክቲቭ ማረጋገጫ ነው። ሂሳብ ላይ ደጋግሞ ሞክሮ መስራቱ ብቻውን አይበቃም፣ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ቁጥር ውሰዱ፣ በራሱ አባዙት፣ መጀመሪያ የወሰዳችሁትን ቁጥር ደምሩበት፣ 41 ጨምሩበት። ከ0 እስከ 39 ያለውን ሁሉ ብትሞክሩ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል የማይካፈል) ነው የሚመጣው፣ 40 ላይ ግን 1681 ይሆናል፣ 41 ሲባዛ በ41።