ቮሪ ቮሪ ሲበላሽ፦ የፓራጓይ ድቡልቡል ሾርባ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቮሪ ቮሪ የፓራጓይ ሾርባ ነው። ከበቆሎ ዱቄትና ከአይብ የተሠሩ ትንንሽ ድቡልቡሎች በዶሮ መረቅ ውስጥ ይቀቀላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቴስትአትላስ የተባለው የምግብ ድረ ገጽ በቅርብ ዓመታት የዓለም ሾርባዎች ዝርዝር አናት ላይ ካስቀመጠው ወዲህ ከደቡብ አሜሪካ ውጭም ስሙ ይሰማል። ግን ሰውን የሚያሳፍረው እንዲህ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ምግብ ነው። ዱቄት፣ አይብ፣ ዶሮ፤ ሁሉም ቤት አለ ተብሎ ይጀመራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ስም ያጣል።

እኔ እንደማየው አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ሊጡ ላይ ነው። ስለዚህ መነሻ ልክ ልስጣችሁ። 2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የተፈረፈረ አይብ፣ 1 እንቁላል (የማይጨምሩም አሉ)፣ ከመረቁ አናት የተቀዳ 2 የሾርባ ማንኪያ ስብ፣ ከዚያ ሊጡ እስኪያያዝ ድረስ ትኩስ መረቅ።

ድቡልቡሎቹ ድስቱ ውስጥ ፈረሱ

የችግሮች ሁሉ አለቃ ይሄ ነው። ድቡልቡሉ ይገባል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ዙሪያው መላጥ ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ መረቁ ውስጥ የሚዋኝ ፍርፋሪ ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በቅደም ተከተል አጣሩት።

መጀመሪያ መረቁ ምን ያህል ትኩስ ነበር? የበቆሎ ዱቄት እንደ ስንዴ ሊጥን የሚያያይዘው ግሉተን የለውም። ሊጡን የሚያያይዘው ሙቀት ነው። ትኩስ መረቅ ሲፈስበት ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ያብጥና ይጣበቃል። በቀዝቃዛ መረቅ ያቦካችሁት ሊጥ እጃችሁ ላይ የተያያዘ ይመስላል፣ ድስት ሲገባ ግን ይለያያል። ስለዚህ ከሚፈላው ድስት በጭልፋ እየቀዳችሁ ዱቄቱ ላይ አፍስሱ። መጀመሪያ በማንኪያ አማስሉ፣ እጅ ሲችለው እሹት። እንቁላሉ የሚገባው ሊጡ ለብ ሲል ነው፤ ከፈጠናችሁ እዚያው ይበስልባችኋል።

ከዚያ ሸፍናችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ዱቄቱ መረቁን የሚጠጣው ያኔ ነው። አሁን አንዲት ቁራሽ ወስዳችሁ መዳፋችሁ ላይ አድቦልቡሉና በአውራ ጣት ጫን በሏት። ዙሪያዋ ከተሰነጠቀ ሊጡ ደርቋል፤ አንድ ማንኪያ ትኩስ መረቅ ጨምሩ። መዳፍ ላይ ተለጥፋ ከቀረች ረጥቧል፤ ትንሽ ዱቄት ነስንሱ። ሳትሰነጠቅም ሳትለጠፍም ከተዘረጋች ልክ ነው።

ሊጡ ይህን ሁሉ ተደርጎለትም ካልተያያዘ የዱቄቱን ማሸጊያ አንብቡ። እንግሊዝና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሱቆች ውስጥ «ኮርን ፍላወር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ነጩ ስታርች ነው። እሱ ጨርሶ አይሆንም፤ ድቡልቡሉ ሙጫ ሆኖ ይሟሟል። ፖሌንታ የሚባለው የጣሊያኖች የበቆሎ ዱቄት ደግሞ ሻካራ ስለሆነ አይያያዝም፤ እሱ ብቻ ካላችሁ እንደገና ፍጩትና ንፉት። በላቲን አሜሪካ ሸቀጥ ሱቆች የሚገኘው ቀድሞ የበሰለ የአሬፓ (የበቆሎ ቂጣ) ዱቄት ግን ይሠራል። መረቅ አብዝቶ ይጠጣልና ጨምሩለት።

የመጨረሻው ተጠርጣሪ እሳቱ ነው። ድቡልቡሎቹ ሲገቡ መረቁ መፍላት አለበት፣ አለዚያ ላያቸው ሳይጠነክር ይሟሟሉ። ከገቡ በኋላ ግን እሳቱን ቀንሱ። የሚንፈቀፈቅ መረቅ እርስ በርስ እያጋጨ ይሰባብራቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ጭልፋ አታስገቡ፤ ከታች እንዳይዙ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ሁሉንም ከመጨመራችሁ በፊት አንዷን ብቻ ለሙከራ ጣሉ። ይቺን ትንሽ ነገር የሚዘልል ሰው ለምን እንደሚቸኩል አይገባኝም።

አንዴ ከፈረሰስ? ሾርባውን አትድፉት። ፍርፋሪው ያወፍረዋል እንጂ አይመርዘውም። የተረፈውን ሊጥ አስተካክላችሁ በላዩ ቀቅሉ።

ደደሩ

ሊጡ እንዳይፈርስ ፈርተው ዱቄት የሚያበዙ ሰዎች ችግር ነው። ዱቄት ሲበዛ ይያያዛል፣ ግን ሲነከስ ጥርስ ይፈትናል። መድኃኒቱ ስብና አይብ ነው። የመረቁ አናት ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ስብ ገፍፎ የሚጥል ሰው የቮሪ ቮሪን ልስላሴ አብሮ ጣለው። እሱን ቀድታችሁ ሊጡ ውስጥ ጨምሩት።

አንዳንዱ «ቀለል ይበል» ብሎ ሆን ብሎ ስቡን ይቀንሳል። ይሄ ምግብ ግን ቀላል ሊሆን አልተፈጠረም። ፓራጓይ ከ1864 እስከ 1870 ከብራዚል፣ ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር ተዋግታ ሕዝቧ ክፉኛ አለቀ። ብዙዎች የፓራጓይ ምግብ ጥጋብ የሚሰጥ፣ በቆሎ፣ አይብና እንቁላል የሚበዛበት መሆኑን ከዚያ የረሀብ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ቀላል ሾርባ ካማራችሁ ሌላ ሥሩ።

መሃላቸው ጥሬ ነው

ትልቅ ናቸው። ልጆች የሚጫወቱባትን ብይ አስቡ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር። በዚህ መጠን ወደ ላይ ከተንሳፈፉ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታክሎ በድምሩ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃቸዋል። አንዷን አውጥታችሁ ለሁለት ክፈሉ፤ መሃሏ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ዱቄት ካለ ይቆዩ።

አይቡ ቀልጦ ወጣ፣ ወይም ጨው በዛ

ፓራጓዮች የሚጠቀሙት ኬሶ ፓራጓይ የሚሉትን የላም ወተት አይብ ነው። ጠንከር ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል፣ ሲሞቅ ለስለስ የሚል። እሱ የማይገኝበት አገር ያለ ሰው ሞዛሬላ ብቻውን ሲጠቀም ይቀልጥና እየተሳበ ይወጣል። ፌታ ብቻውን ደግሞ ጨው ነው። ግማሽ ግማሽ ማደባለቅ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ የላቲን ሱቅ ገብታችሁ ኬሶ ፍሬስኮ የሚባለውን ትኩስ ነጭ አይብ ጠይቁ። የእኛው አይብስ? ውሃ ይይዛል፣ አይቀልጥም፣ ሊጡንም ያላላዋል። ሌላ ከሌለ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ በደንብ ጨምቁት፣ ስቡንም ጨመር አድርጉ።

ጨውን በተመለከተ፣ መረቁን የምታጣፍጡት ድቡልቡሎቹ ከበሰሉ በኋላ ነው። አይቡ የራሱን ይዞ ይመጣል።

እስራኤል ያላችሁና ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ) የምትጠብቁ፣ ዶሮና አይብ አንድ ድስት ውስጥ አይገቡላችሁም። ነጩን ቮሪ ቮሪ ሥሩ፤ ሥጋ የለውም፣ መረቁ በወተትና በአይብ ነው። ሊጡ ውስጥም በዶሮ ስብ ፋንታ ቅቤ አድርጉ። ለጿሚ ግን ሁለቱም አይሆኑም።

መረቁ ጣዕም የለውም

ዶሮዋን ጠይቋት። ፓራጓይ ውስጥ የሚመረጠው በግቢ ያደገች፣ ዕድሜ የጠገበች ዶሮ ነው። የሐበሻ ዶሮ የለመደ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያሻውም። እንዲህ ያለችው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ትቀቀላለች፣ መረቋም ያን ያህል ይከፍላል። የፈረንጅ ዶሮ ብቻ ካገኛችሁ ሥጋውን ውሃ ውስጥ ከመክተት በፊት በዘይት ጠበስ አድርጉት፣ እዚያው ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና የፈረንጅ ቃሪያ አቁላሉ። አንድ የቤይ ቅጠል ከጅምሩ፣ ኦሬጋኖ ወደ መጨረሻ። ክንፍ፣ አንገትና እግር ካለ አትጣሉ።

ሾርባው ወፈረ

በመጠኑ ቢወፍር ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም አንድ እፍኝ ሊጥ መረቁ ውስጥ በትነው ሆን ብለው የሚያወፍሩት አሉ። ማንኪያ የሚያቆም ሲሆን ግን ወይ ድቡልቡሎቹ ላይ ደረቅ ዱቄት ቀርቷል፣ ወይ ሾርባው ብዙ ቆይቷል። ከመጨመራችሁ በፊት በወንፊት ነቅነቅ አድርጋችሁ ትርፍ ዱቄቱን አራግፉ። ድቡልቡሎቹ እሳቱ ከጠፋ በኋላም መረቅ መጠጣታቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ እንግዳ ከሚመጣበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አትሥሩ። ሊጡን አድቦልቡላችሁ ሸፍናችሁ አስቀምጡና ሰው ሲቀመጥ ቀቅሉ።

ለነገ የሚተርፍ ከሆነ ድቡልቡሎቹን አውጥታችሁ ለብቻ፣ መረቁንም ለብቻ ፍሪጅ አስገቡ። በማግስቱ መረቁን አፍልታችሁ፣ ከወፈረ በፈላ ውሃ አቅጥናችሁ፣ ድቡልቡሎቹን እስኪሞቁ ድረስ ብቻ መልሷቸው።